ከተማችን ስትታደስ የጎረቤት ሐቅ የት ይወድቃል?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በአንድ ጁምዓ ከሶላት በኋላ በዳንግላ መስጂዳችን ደጃፍ ቆመን ስንጨዋወት አንድ ወጣት ወንድማችን ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «ሐጂ፣ የቤትና የቦታ ድለላ ሐላል ነው ሐራም?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ብዙ ሳላስብ «ውሸትና ማታለል ከሌለበት ሐላል ነው» አልኩት። ወጣቱ አመስግኖኝ ሄደ። መልሴ ስህተት አልነበረም። ነገር ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። «ሐጂ» የሚለው ስም እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም። ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝም እርሱ ነውና።

አስቀድመን ግን ነገሩ የተከሰተበትን አገር እንይ። ዳንግላና እንጅባራ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቀመጡ የአዊ ከተሞች ናቸው። ዳንግላ የቆየች የገበያ ከተማ ናት። ከኢጣሊያ ወረራ በፊት የእንግሊዝ ቆንስላ ሮበርት ቺዝማን መቀመጫውን ያደረገው በእርሷ ነበር። እንጅባራ ደግሞ አባቶቻችን «ኮሶበር» የሚሏት የዞኑ መቀመጫ ናት። ወደ ቻግኒና ከዚያም አልፎ ወደ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የሚወስደው መንገድ የሚገነጠለው ከዚያ ነው። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶባታል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የሁለቱም ከተሞች ነዋሪ ከ20 ሺህ በላይ ነበር። ዛሬ ግን የቀርቀሃ አጥርና የጭቃ ቤት በነበረበት ሰፈር ብሎኬትና መስታወት ቆሟል። መሐንዲሱ ፕላን ይዞ ይመጣል፣ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ይደረጋል፣ መንገድ ይሰፋል፣ ቤት ይፈርሳል። በአዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረውና የኮሪደር ልማት የተባለው ሥራ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ጎንደርም ተሻግሯል። በእኛም ከተሞች ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ቦታ ነው። ሱቅ ውስጥ፣ ሻይ ቤት ውስጥ፣ አስተግፊሩላህ! አንዳንዴም በሶፍ መካከል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዲታወቅልኝ እሻለሁ። እስልምና የመንገድና የከተማ ጠላት አይደለም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሰዎች በመንገድ ስፋት ሲለያዩ ሰባት ክንድ እንዲደረግ መፍረዳቸውን አቡ ሁረይራ አስተላልፈዋል። ከመንገድ ላይ ጎጂ ነገርን ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ እንደሆነም አስተምረውናል። በመንገድ ዳር የሚቀመጥ ሰው እንኳ የመንገዱን ሐቅ እንዲጠብቅ ታዟል። እንግዲህ የጎርፍ መውረጃ ሲቆፈር፣ ጭለማው መንደር መብራት ሲያገኝ፣ አምቡላንስ የማይገባበት ጠባብ መተላለፊያ ሲሰፋ ሙስሊም ሊደሰት እንጂ ሊያዝን አይገባውም። ጥያቄው «ከተማ ይታደስ ወይስ አይታደስ?» አይደለም። ጥያቄው «ሲታደስ የማን ሐቅ ከፍርስራሹ ሥር ይቀራል?» የሚል ነው።

ይህን ጥያቄ ከማንም በፊት ልንጠይቅ የሚገባን እኛ ነን። ለምን ቢባል፣ መሬት ማጣት ምን እንደሆነ ከአባቶቻችን ሰምተናል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በአጤ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የጎንደር ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው በአንድ ሰፈር እንዲኖሩ ተወስኖባቸው ነበር። በደጋው አገር ለረዥም ዘመን ሙስሊሙ የርስት ባለቤት መሆን ስላልቻለ ኑሮው በንግድና በሽመና ላይ ተመሠረተ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሙ ሕዝብ በአዲስ አበባ አደባባይ ሲወጣ ካነሳቸው ጥያቄዎች አንዱ የመሬት ባለቤትነት ጥያቄ ነበር። በዓመቱ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት የሆነበት አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። ሁለተኛ ቤት የነበራቸው ነጋዴዎቻችን ትርፍ ቤታቸውን አጡ፤ ቤት ያልነበረው ድሃ ግን በቀበሌ ቤት ተጠለለ። ከ1966 ዓ.ም. ወዲህ ያለው ሁሉ በአንድ ዕድሜ ውስጥ የሆነ ነው። ትናንት መሬት የተነፈገ ሰው ልጅ ዛሬ ካርታ በኪሱ ይዞ ሲሄድ፣ ካርታ የሌለውን ጎረቤቱን የማየት ግዴታ የለበትምን?

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልመለስ።

ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ጨርቃ ጨርቅ ከምሸጥበት ሱቅ ጀርባ አንዲት ክርስቲያን አሮጊት ይኖሩ ነበር። «እማማ» ነበር የምላቸው፤ እሳቸውም «ልጄ» ይሉኛል። ባለቤታቸው ሞተውባቸዋል፤ አንዲት ልጅ ብቻ አለቻቸው። ግቢያቸው ሰፊ፣ ቤታቸው ግን ያዘመመ የጭቃ ቤት ነበር። በረመዳን ልጆቼ ሾርባ ያደርሱላቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ በጓሯቸው ያለውን ቆስጣና ሎሚ አይነፍጉንም። ባለቤቴ ስትወልድ ከእህቶቿ ቀድመው የደረሱት እሳቸው ነበሩ።

አንድ ቀን ቦታ በመለካት ሥራ የሚተዳደር አንድ የማውቀው ሰው ሱቄ መጥቶ ሻይ ስንጠጣ፣ በአዲሱ ፕላን ሰፊ መንገድ በእማማ ግቢ አጠገብ እንደሚያልፍ ነገረኝ። ስሙንም መሥሪያ ቤቱንም አልጠቅስም፤ ተጠያቂው እኔ ነኝና። መንገዱ ግቢውን አይነካውም፤ ከመንገድ ዳር ያደርገዋል እንጂ። በሳምንቱ እማማ ዘንድ ገባሁና ቤታቸውን እንዲሸጡልኝ ጠየቅኋቸው። «ክረምት ሳይገባ ይህ ቤት ይወድቅብዎታል» አልኳቸው። ይህ እውነት ነበር። «ከሰው ሁሉ የተሻለ ዋጋ እሰጥዎታለሁ» አልኳቸው። በዚያ ሳምንት ዋጋ ይህም እውነት ነበር። እሳቸውም «አንተ ካልከኝ ልጄ» ብለው ሸጡልኝ። ውሉ በምስክር ተፈረመ፤ ገንዘቡ እስከ መጨረሻው ሳንቲም ተከፈለ። እማማ ከልጃቸው ጋር እንጅባራ ገብተው በኪራይ ቤት ተቀመጡ። መንገዱ ሲወጣ ግቢው ሱቆች ሆነ፤ ዋጋውም የከፈልኩትን ብዙ እጥፍ አለፈ። ከሱቆቹ ኪራይ ባገኘሁት ገንዘብም ሐጅ አደረግሁ።

ውድ አንባቢያን! ለዓመታት ራሴን ያጽናናሁበት ቃል «አልዋሸሁም» የሚል ነበር። በእርግጥም አንዲት የውሸት ቃል ከአፌ አልወጣችም። ይሁንና ሸሪዓችን ስለ ገበያ ያስቀመጠውን አንድ ሕግ ሁላችንም እናውቃለን። በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን የመዲና ነጋዴዎች ከገጠር እህልና ከብት ይዘው የሚመጡትን ቅፍለቶች ከከተማ ውጭ ወጥተው ይቀበሏቸውና የገበያውን ዋጋ ሳያውቁ ይገዟቸው ነበር። ነጋዴው አልዋሸም፣ አልሰረቀም፣ አላስገደደም። ሻጩም ወዶ ሸጧል። ሆኖም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ከልክለዋል። ሻጩ ገበያ ደርሶ ትክክለኛውን ዋጋ ባወቀ ጊዜም ሽያጩን የማጽናት ወይም የማፍረስ ምርጫ እንዲኖረው አድርገዋል።

ለምን ተከለከለ? አንዱ ወገን የሚያውቀውን ሌላው ስላላወቀ ነው። ዕውቀቱን የደበቀው ሰው የሌላውን ሪዝቅ ከመንገድ ጠልፎ ስላስቀረ ነው። እኔስ ከእነዚያ ነጋዴዎች በምን እለያለሁ? እነርሱ ከከተማው በር ወጥተው ቅፍለቱን ተቀበሉ፤ እኔ ፕላኑ ከቢሮው በር ሳይወጣ አሮጊቷን ተቀበልኳቸው። እነርሱ የማያውቁትን መንገደኛ ነበር፤ እኔ ግን «ልጄ» የምትለኝን ጎረቤቴን! ዛሬ በየከተማው «መረጃ አለኝ» እያለ የድሃውን ደጅ የሚያንኳኳ ወንድም ሁሉ ከየትኛው ወገን እንደሚሰለፍ ራሱን ይጠይቅ። ለዚያ ወጣት ወንድሜ ልመልስለት ይገባኝ የነበረውም ይህ ነበር። ድለላው በራሱ ሐላል ነው፤ ሻጩ ያላወቀውን ደላላው አውቆ ዝም ሲል ግን ሌላ ነገር ይሆናል።

ምናልባት «ሴትየዋ ሙስሊም አልነበሩም» የሚል ይኖር ይሆናል። አዑዙ ቢላህ! ጅብሪል (ዐ.ሰ) ስለ ጎረቤት ሐቅ ደጋግመው ከመምከራቸው የተነሳ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጎረቤት ወራሽ ሊደረግ ነው ብለው እስኪያስቡ ደርሰው ነበር። የጎረቤት ሐቅ በሃይማኖት አጥር አይከለልም። በተለይ እኛ በቁጥር ጥቂት ሆነን በምንኖርበት አገር ሰዎች እስልምናን የሚያነቡት ከኪታብ አይደለም፤ ከሚዛናችንና ከውላችን ነው።

ወደ ሲራ እንመለስ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ግመላቸው የተንበረከከችበት ቦታ የሁለት የቲሞች ነበር፤ ሰህልና ሱሀይል ይባላሉ። መስጂድ እንዲሠራበት በተፈለገ ጊዜ ልጆቹ ያለ ዋጋ ለመስጠት ፈቀዱ። ከዚያ የበለጠ የሕዝብ ጥቅም ከየት ይመጣል? መስጂድ ነው፤ ያውም የነቢዩ መስጂድ! ሆኖም በሂጅራ ዘገባ እንደተላለፈው፣ እርሳቸው በስጦታ አልተቀበሉም፤ በዋጋ ገዙት እንጂ። የየቲም ፈቃድ በቂ አይደለምና ዋጋው ተከፈለው።

ሁለተኛውን ታሪክ ተመልከቱ። በ17ኛው ዓመተ ሂጅራ ዑመር (ረ.ዐ) ያንኑ መስጂድ ለማስፋት ሲነሱ የዐባስ (ረ.ዐ) ቤት በመካከል ገባ። ዑመር ዋጋ አቀረቡ፣ ምትክ ቦታም አቀረቡ፤ ዐባስ ግን እምቢ አሉ። የሙስሊሞች መሪ ቤቱን በጉልበት አላፈረሱም። ሁለቱም ኡበይ ኢብኑ ከዕብ ዘንድ ለዳኝነት ቀረቡ። ፍርዱ ለዐባስ ሆነ፣ ዑመርም ፍርዱን ተቀበሉ። ዐባስ በፍርድ ካሸነፉ በኋላ ቤታቸውን በራሳቸው ፈቃድ ያለ ክፍያ ለሙስሊሞች ሰጡ። ሱብሐነላህ! መስጂዱም ሰፋ፣ የሰውየውም ክብር ተጠበቀ። ሐቁ የተረጋገጠለት ሰው ልቡ ይሰፋል። ሐቁ የተረገጠበት ሰው ግን ቦታውን ለቅቆ ቢሄድም ልቡ እዚያው ሲጮህ ይኖራል።

የአገራችን ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ብሎ ሲደነግግ፣ የግል ንብረት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንዲከፈል አዟል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011ም በርእሱ ላይ ሳይቀር ተነሺዎች መልሰው ስለሚቋቋሙበት ሁኔታ ይናገራል፤ በ2016 ዓ.ም. ማሻሻያ ተደርጎበታል። እንግዲህ ሐቁን የሚጠይቅ ነዋሪ ልማት አደናቃፊ ሊባል አይገባም። በጽሑፍ ጠይቁ፣ የአቤቱታ ቀን አታሳልፉ፣ መጻፍ የማይችለውን ጎረቤታችሁን ማመልከቻ ጻፉለት። ይህ ሰደቃ ነው።

ነገር ግን ፍትሕ በአንድ ወገን ብቻ አይቆምም። ካሳ ይመጣል ሲባል በሌሊት ክፍል የሚጨምር፣ የሌለ ዛፍ የሚያስቆጥር፣ የሞተ አያቱን በሕይወት አለ ብሎ የሚያስመዘግብ ሰው መካከላችን የለምን? ይህ የሕዝብ ገንዘብ ነው። የሕዝብ ገንዘብ የሰረቀ ሰው ይቅርታ የሚጠይቀው ማንን ነው? ባለቤቶቹ እኮ አይቆጠሩም! የጎረቤቱን አጥር በአንድ ክንድ ገፍቶ የሚቸክልም አለ። አንዲት ስንዝር መሬት በግፍ የወሰደ ሰው በቂያማ ቀን እስከ ሰባት ምድር ድረስ አንገቱ ላይ እንደምትጠመጠምበት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያስጠነቀቁት ይህን አይነቱን ነው።

በሱረቱል ካህፍ የተወሳውን የከድርንና የሙሳን (ዐ.ሰ) ጉዞ በየጁምዓው እንቀራለን። ምግብ የነፈጓቸው ሰዎች ከተማ ደረሱ። ከድር ሊወድቅ ያዘመመ ግድግዳ አይተው ቀጥ አድርገው አቆሙት፤ ክፍያም አልጠየቁም። ሙሳ ተገረሙ። ምስጢሩ በኋላ ተገለጠ፤ ከግድግዳው ሥር የሁለት የቲሞች ሀብት ነበረ። ግድግዳው ቢወድቅ ሀብቱ ይጋለጥና ልጆቹ ሳያድጉ ይዘረፍ ነበር። ወንድሞቼ! እማማ ያዘመመ ግድግዳ ነበራቸው። ከግድግዳው ሥር ያለውን ሀብት እኔ ዐውቄ ነበር፤ ሀብቱ መንገዱ ነበርና። ከድር ያዘመመውን ግድግዳ አይተው ለባለቤቶቹ አቆሙት። እኔ ያዘመመውን ግድግዳ አይቼ «ይወድቅብዎታል» ብዬ አስፈራራሁበት። የከተማ እድሳት ማለት ለእኔ እንግዲህ ይህ ነው፤ ግድግዳውን ስታቆም ለማን እንደምታቆመው ማወቅ።

ስለዚህ ራሴንና እናንተን በሚከተሉት ነገሮች አደራ እላለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጎረቤትህ ቦታ የምታውቀውን ለጎረቤትህ ንገር። ልትገዛው ከፈለግህ አስቀድመህ ንገረውና ከዚያ ግዛ። ሊሸጥ የፈለገም ለጎረቤቱ ወይም ለሸሪኩ አስቀድሞ ያሳውቅ፤ የሹፍዓ ሕግ ቁም ነገሩ ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ ተከራይን አትርሱ። ካሳው ለባለ ካርታው ነው፤ ከጓሮ ክፍል የምትኖረው እንጀራ ሻጭና ልጆቿ ግን ከማንም ዝርዝር ውስጥ የሉም። ቤትህ ሊፈርስ መሆኑን ባወቅህበት ቀን እርሷም ትወቅ። የተቀበልከውን ቅድሚያ ኪራይ መልስላት፤ ሌላ ክፍል ስትፈልግም እርዳት።

ሦስተኛ፣ ወቅፍን እናድስ። ዑስማን (ረ.ዐ) የሩማን የውኃ ጉድጓድ ገዝተው ለሙስሊሞች አደረጉት። ዑመርም የኸይበር መሬታቸውን አይሸጥም አይወረስም ብለው ፍሬውን ለድሆች አደረጉ። በሊዝ ጨረታ አንድ ሰው ብቻውን የማይደርስበትን ቦታ ጀማዓው ተባብሮ ቢይዘው፣ በሱቆቹ ኪራይ የቲም ቢያስተምርና ቤት ያጣን አሮጊት ቢጠግን ከተማው ሲታደስ ድሃውም አብሮ ይታደሳል። ይህ ሲደረግ ግን ሒሳቡ በጽሑፍ ይሁን፤ በየዓመቱም ለጀማዓው ይነበብ።

አራተኛ፣ ዕድሜያችንን እንቁጠር። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ ቤት የሰጠው ዘመን 99 ዓመት ነው። ውሉን ከሚፈርሙት መካከል መጨረሻውን የሚያየው ማን ነው? ቃሩን በቤቱና በሀብቱ ተመካ፤ ምድርም እርሱንም ቤቱንም ዋጠች። እኛን የምትጠብቀን መሬት ጨረታ የላትም፤ ልኳም ከክንዳችን ብዙም አይበልጥ።

ከዚያ ጁምዓ በኋላ ሰኞ ጧት እንጅባራ ሄድኩ። እማማ ከሦስት ዓመት በፊት አርፈዋል። ልጃቸውን ከከተማው ዳር በኪራይ ቤት አገኘኋት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ፕላኑ፣ ስለ ሻዩ፣ ስለ ዝምታዬ። ብዙ ጊዜ ዝም ካለች በኋላ «ጋሼ፣ እማዬ እስክትሞት ድረስ ‹ዳንግላ አንድ ልጅ አለኝ› ትል ነበር» አለችኝ። ሌላ አልተናገረችም። እኔም መናገር አቃተኝ።

ሽያጩን የማፍረስ ወይም የማጽናት ምርጫ ሰጠኋት። እርሷ ደግሞ ጉዳዩን ሽማግሌ እንዲያየው ፈለገች። ሁለት ክርስቲያንና አንድ ሙስሊም ሽማግሌዎች ዳንግላ ላይ ተቀምጠው ቦታውንም ውሉንም አዩ። ከመንገድ ዳር ካሉት ሱቆች ሁለቱ ለእርሷ እንዲሆኑ፣ ካለፈው ኪራይም የተወሰነው በየወሩ እንዲከፈላት ወሰኑ። ተቀበልኩ። በቤቴ ማጉረምረም ነበረ፤ «የዕውቀት ዋጋህን ነው የመለስከው» ያለኝ ወዳጅም አለ። ክፍያው ገና አላለቀም። ስለ ሐጄ ዑለማ ጠይቄአለሁ፤ ግዴታው ቢነሳልኝም ተቀባይነቱ የአላህ ጉዳይ ነው አሉኝ። ስለዚህ ተውበት አደርጋለሁ፣ እከፍላለሁ፣ እጠብቃለሁ። የእማማን ይቅርታ ግን የማገኝበት ገበያ በዱንያ ላይ የለም።

ይህን የጻፍኩት ራሴን ለማወደስ እንዳልሆነ አላህ ያውቃል። የሚወደስ ነገርም አላየሁበትም። ግድግዳው ላይ ቀይ ምልክት የተደረገበት ጎረቤት ያለው፣ ወይም ምልክቱ ከመደረጉ በፊት ያወቀ ወንድም ይህን ጋዜጣ አጥፎ ከማስቀመጡ በፊት ተነሥቶ የጎረቤቱን በር እንዲያንኳኳ ነው። እኔ የዘገየሁትን እርሱ ይድረስበት።

አላህ ሆይ! ከተሞቻችንን በፍትሕ ገንባልን። ከማይገባን ስንዝር አርቀን። የበደልናቸውን ሳይሞቱ የምንደርስባቸው አድርገን። አሚን!

ወላሁ አዕለም።